ከአል-ጀዘሪ ቃጫ እስከ ገጠሩ የእጅ ፓምፕ
(በሬዲዮ ከቀረበ የታሪክ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። ስለ ውሃ ፓምፕ ነው። ፓምፕ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም አልፎ ለምን እንደሚያፈስ እንነጋገራለን።

ይህን ርእስ ለምን መረጥን? ሙስሊም ሊቃውንት ለዓለም ሥልጣኔ ስላበረከቱት ነገር ስንናገር ስም መዘርዘር እንወዳለን። «እገሌ ይህን ፈጠረ፣ እገሌ ያንን ቀደመ» እንላለን። አድማጩም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ሊቅ ምን ችግር እንደገጠመው፣ ችግሩንስ በምን ብልሃት እንደፈታው ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስሙ ይዞት ይቀራል፣ ዕውቀቱ ግን ያልፈዋል። ዛሬ በአላህ ፈቃድ ከስሙ ይልቅ ችግሩን ይዘን እንጓዛለን።

ችግሩ ይህ ነው። ማንኛውም ፓምፕ የሚንቀሳቀስ አካልና የማይንቀሳቀስ አካል አለው። በሁለቱ መካከል ክፍተት መኖሩ አይቀርም። ክፍተቱ ፈጽሞ ከጠፋ ፓምፑ ይያዛል፣ አይንቀሳቀስም። ክፍተቱ ከሰፋ ደግሞ የተገፋው ውሃ በዚያው ሾልኮ ወደመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ የፓምፕ ታሪክ ሲጠቃለል ይህችን ቀጭን ክፍተት የመጠበቅ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ከፓምፕ በፊት

ሰው ውሃን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ማንሳት የጀመረው በዕቃ ነው። ገመድና ባልዲ የሁሉ መጀመሪያ ናቸው። ግብፆች በአንድ ጫፉ ባልዲ፣ በሌላው ጫፉ ክብደት የታሰረበት ረጅም እንጨት ተጠቀሙ፤ ሻዱፍ ይባላል። ቀጥሎ በበሬ ወይም በግመል የሚዞረው ሳቂያ መጣ። ወንዙ ራሱ የሚያዞረው ትልቅ መንኮራኩር ደግሞ ናዑራ ይባላል። በሶሪያ የምትገኘው የሐማ ከተማ በአል-ዓሲ ወንዝ ላይ በቆሙት ናዑራዎቿ ትታወቃለች። ከእነርሱ ትልቁ አል-ሙሐመዲያ 21 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1361 የተሠራውም ለከተማዋ ታላቅ መስጊድ ውሃ እንዲያደርስ ነበር።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። ውሃውን የሚያወጡት በክፍት ዕቃ ስለሆነ መንገድ ላይ ይደፉታል። ሆኖም ይህ መድፋት ሥራውን አያቆመውም። ግማሹ የተደፋ ባልዲ ግማሽ ባልዲ ውሃ ይሰጣል። ችግራቸው ሌላ ነው፤ ናዑራ ከራሱ ቁመት በላይ ውሃ ማድረስ አይችልም። ከዚያ በላይ ለማድረስ ውሃውን በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የፓምፕ ነገር የሚጀምረው፤ የማፍሰስ ነገርም ከባድ የሚሆነው።

ሲሊንደር፣ ፒስተንና ቫልቭ

እውነቱን እንናገር። ፓምፕን በመጀመሪያ የሠራው ሙስሊም አይደለም። እስልምና ከመምጣቱ ከ800 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ክቴሲቢዩስ የተባለ ግሪካዊ ነው ይህን የሠራው። መሣሪያውን ሮማዊው ቪትሩቪየስ በመጽሐፉ ገልጾታል።

አሠራሩን ለመረዳት የሐኪም ሲሪንጅ ማሰብ ይበቃል። ባዶው ቀፎ ሲሊንደር ነው፤ ውስጡ የሚገባውና የሚወጣው ፒስተን ነው። ክቴሲቢዩስ ሁለት የነሐስ ሲሊንደሮችን ውሃ ውስጥ አቆመ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲነሳ ከታች ያለው ትንሽ በር ይከፈትና ውሃ ይገባል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ያ በር ይዘጋል፤ ወደ ማውጫው ቧንቧ የሚያሳልፈው ሌላው በር ይከፈታል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱት እነዚህ በሮች ቫልቭ ይባላሉ። ሁለቱ ፒስተኖች ተራ በተራ ስለሚሠሩ ውሃው ይገፋል። የእስክንድርያው ሔሮን ይህንኑ ዓይነት ፓምፕ ለእሳት ማጥፊያነት ጽፎታል።

ታዲያ ይህ ፓምፕ የት ያፈስ ነበር? ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በፒስተኑ ዙሪያና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል፣ ሁለተኛው በቫልቩና በመቀመጫው መካከል። ቪትሩቪየስ እንደጻፈው ፒስተኖቹ በጥንቃቄ ተልገው ዘይት ይቀቡ ነበር። ይህ ብረትን ከብረት በማስማማት ክፍተቱን ማጥበብ ነው። ነገር ግን ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ሁለቱም ይበላሉ። ዛሬ የጠበበው ክፍተት ነገ ይሰፋል።

በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ሦስት ወንድማማቾች ተነሡ። ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰን ይባላሉ፤ በታሪክ የሚታወቁት የሙሳ ልጆች፣ በኑ ሙሳ፣ ተብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ በጻፉት ኪታቡል ሒየል (የብልሃት መጽሐፍ) ውስጥ አንድ መቶ ያህል መሣሪያዎች ተገልጸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በብዙዎቹ ሾጣጣ ቫልቭ ተጠቅመዋል። ሾጣጣነቱ ለምን ጠቀመ? ጠፍጣፋ ክዳን ትንሽ ከተንጋደደ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከገባበት አይገጥምም። ሾጣጣው ግን ሲወርድ ቅርጹ ራሱ ወደ መሐል ይመራውና በመቀመጫው ላይ ያርፋል። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ቫልቭ በደንብ ካልተቀመጠ የፓምፑ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

አል-ጀዘሪና የቃጫው ብልሃት

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንመጣለን። ኢስማዒል ኢብን አር-ረዛዝ አል-ጀዘሪ የአርቱቂድ ገዥዎችን በዲያርባክር ያገለግል የነበረ የእጅ ባለሙያና ሊቅ ነው። ከተማዋ ያኔ ኣሚድ ትባል ነበር፤ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። በ602 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1206) አንድ ታላቅ መጽሐፍ አጠናቀቀ። ርእሱም አል-ጃሚዕ በይነል ዒልሚ ወል ዐመሊን ናፊዕ ፊ ሲናዐቲል ሒየል ይላል፤ ዕውቀትን ከጠቃሚ ተግባር ጋር ያጣመረ የብልሃት ሥራዎች መጽሐፍ ማለት ነው። ርእሱን ልብ በሉት። ዒልም ብቻ አላለም፤ ዐመልንም ጨመረበት። አል-ጀዘሪ በመግቢያው ላይ በሥራ ያልተፈተነ የእጅ ሙያ ዕውቀት እውነት ይሁን ሐሰት ሳይለይ የሚቀር መሆኑን ያስረዳል። ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሊቃውንት ሥራም አልሸሸገም። ያገኘውን ተማረ፣ ፈተነ፣ አሻሻለ።

መጽሐፉ 50 መሣሪያዎችን ይዟል። ከእነርሱ አምስቱ ውሃ ማንሻዎች ናቸው። አምስተኛው ማንሻ ውሃን ከወንዝ 20 ክንድ ያህል ወደ ላይ የሚያደርስ ፓምፕ ነው። እንዲህ ይሠራል። ወንዙ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል። በመጨረሻው መዘውር ላይ ከመሐሉ ራቅ ብላ አንዲት ችንካር ተተክላለች። ይህች ችንካር ወደ ርዝመቱ በተሰነጠቀ በትር ውስጥ እየተንሸራተተች በትሩን ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘዋለች። ከበትሩ ግራና ቀኝ ሁለት ፒስተኖች ተያይዘዋል። ፊት ለፊት በተጋደሙ ሁለት የመዳብ ሲሊንደሮች ውስጥ ይመላለሳሉ። አንዱ ውሃ ሲስብ ሌላው ይገፋል። የሁለቱ ማውጫ ቧንቧዎች ከላይ አንድ ይሆናሉ።

መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው መሐንዲስና የታሪክ ተመራማሪ ዶናልድ ሂል የዚህን ፓምፕ ሦስት ነገሮች ያደንቃል። አንደኛ፣ ዙረትን ወደ ምልልስ መለወጡ ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱም አቅጣጫ መሥራቱ ነው። ሦስተኛ፣ ውሃው ውስጥ ሳይጠልቅ በመሳቢያ ቧንቧ ውሃውን ወደራሱ መሳቡ ነው።

እኛ ግን ዛሬ አራተኛ እንጨምርበት። አል-ጀዘሪ ፒስተኑን ከአንድ ድፍን መዳብ አልሠራውም። ሁለት ክብ የመዳብ ሰሌዳዎች ወስዶ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ተወ፤ ያንን ቦታ ዙሪያውን በቃጫ ገመድ እየጠመጠመ ሞላው። ሲሊንደሩን የሚነካው ለስላሳው ቃጫ ነው ማለት ነው። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ክፍተቱን ይሞላል። ለስላሳ ስለሆነም መዳቡን አይበላውም። መበላት ካለበት የሚበላው እርሱ ራሱ ነው። ሲያልቅ ይፈታል፣ አዲስ ይጠመጠማል፣ ሥራው ይቀጥላል። ዛሬም የቧንቧ ሠራተኛ በቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ ሲጠመጥም ብታዩ ሥራው ከዚህ ጋር ዝምድና እንዳለው አስታውሱ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ውዱ አካል እንዲቆይ ርካሹ አካል እንዲያልቅ ተደርጎ ይሠራል። ነገር ግን ይህ ብልሃት አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቃጫውን የሚለውጥ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ከሌለ የአል-ጀዘሪ ጥበብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ውሃ የማያወጣ መዳብ ሆኖ ይቀራል።

በደረታችን ውስጥ ያለው ፓምፕ

የአል-ጀዘሪ መጽሐፍ ካለቀ ከ36 ዓመት በኋላ ሌላ ሊቅ ስለ ሌላ ዓይነት ማፍሰስ ጻፈ። ይህ ሰው በደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ነው። በእርሱ ዘመን የሕክምና መምህር ተደርጎ ይታይ የነበረው ግሪካዊው ጋሌን፣ ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው ክፍል የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር። በሌላ አነጋገር ግድግዳው ያፈሳል ማለቱ ነው። ይህ አባባል ከ1000 ዓመት በላይ ሲነገር ኖረ።

ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1242 የኢብን ሲናን የሕክምና መጽሐፍ የአካል ክፍል ትምህርት ሲያብራራ ይህን አልተቀበለም። ግድግዳው ወፍራምና ድፍን ነው፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አለ። ታዲያ ደሙ በየት ያልፋል? ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። ግድግዳው አያፈስም ብሎ በመነሳቱ ብቻ አዲስ መንገድ ተገለጠለት። በአውሮፓ ሰርቬተስ ተመሳሳይ ሐሳብ ያሳተመው በ1553 ሲሆን፣ ሃርቪ ደም በመላ ሰውነት እንደሚዞር ያስረዳው በ1628 ነው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1924 ግብፃዊው ሐኪም ሙሕዪዲን አት-ጠጣዊ አገኘው።

ልብ ራሷ አራት ቫልቮች አሏት፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። ከቫልቮቿ አንዱ በደንብ ካልተዘጋ የተገፋው ደም ወደኋላ ይመለሳል፤ ልብም ያንኑ ደም ደግማ ለመግፋት ትደክማለች። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ በሽታ ቫልቮቻቸው የተጎዱ ወጣቶች በአገራችንም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የልጆቻችንን የጉሮሮ ሕመም አንናቅ።

ስድስት ሲሊንደር፣ የአየርም ክብደት

ወደ ውሃው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1551 ተቂዩዲን ኢብን መዕሩፍ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ሊቅ በጻፈው መጽሐፍ ስድስት ሲሊንደር ያለው ፓምፕ ገለጸ። ይህ ሰው በኋላ በኢስታንቡል የከዋክብት መመልከቻ ያቋቋመው ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች ከአንድ ወፍራም ግንድ ተቦርቡረው የወጡ ናቸው። ወንዝ የሚያዞረው ግንድ መሰል ዘንግ ላይ ያሉ ጉብታዎች ፒስተኖቹን ተራ በተራ ያነሳሉ። በእያንዳንዱ ፒስተን ዘንግ ላይ የእርሳስ ክብደት አለ፤ ጉብታው ሲለቀው ክብደቱ ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነውና ውሃውን ይገፋል። ስድስቱ ተከታትለው ስለሚሠሩ ውሃው ሳይቆራረጥ ይወጣል። ሲሊንደሮቹ ከአንድ ግንድ መውጣታቸውም ጥቅም አለው፤ መጋጠሚያ በቀነሰ ቁጥር የሚያፈስ ቦታም ይቀንሳል።

በአውሮፓ ደግሞ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ውሃ እንደማያነሳ ጠቀሰ። ፒስተኑ ምንም ቢጠብቅ፣ ቧንቧው ምንም ደህና ቢሆን ከዚያ አያልፍም። መልሱ የተገኘው በ1643 በቶሪቸሊ የሜርኩሪ ሙከራ ነው። ውሃውን የሚያነሳው ፓምፑ አይደለም። ፓምፑ አየሩን ያወጣል፤ በውጭ ያለው አየር በክብደቱ ውሃውን ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። በባሕር ወለል የአየር ክብደት ከ10.3 ሜትር የውሃ ዐምድ ጋር እኩል ነው። ከዚያ በላይ መግፋት አይችልም።

ይህ እኛንም ይመለከታል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ ተቀምጦ የሚስብ ፓምፕ በሒሳብ ደረጃ እንኳ 8 ሜትር አይደርስም፤ በተግባርማ ከዚያም በጣም ያንሳል። ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ፓምፕ አስቀምጦ «ለምን አይስብም?» ማለት አየርን ከዐቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ከዚህ አንድ የተደበቀ የማፍሰስ ዓይነት እንማራለን። በመግፊያው በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፤ ሁሉም ያየዋል። በመሳቢያው በኩል ያለ ቀዳዳ ግን አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ጠብታ አይታይም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ፓምፑ ግን ውሃ አያወጣም። የማይታየው ቀዳዳ ከሚታየው ይልቅ ያታልላል።

በ1675 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሞርላንድ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ፓምፕ ሌላ እርምጃ ነበር። ማሸጊያው ፒስተኑ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ቀድሞው ሲሊንደሩ ውስጥ አይመላለስም። በሲሊንደሩ አፍ ላይ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ረጅሙ ፒስተን በመሐሉ እየተንሸራተተ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን የሚያፈሰው በዓይን ይታያል፤ ፓምፑ ሳይፈታ ከውጭ ማጥበቅም ይቻላል።

የሚሽከረከሩት ፓምፖች

ዛሬ በከተማ ሕንፃዎች ሥር የሚሠራው ፓምፕ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ፒስተን የለውም፤ በእያንዳንዱ ምት የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭም የለውም። ክንፍ ያለው መዘውር በፍጥነት እየዞረ ውሃውን ከመሐሉ ወደ ዳር ይወረውረዋል። ደኒ ፓፐን የተባለው ፈረንሳዊ በ1689 ይህን ዓይነት ፓምፕ ሠርቶ ነበር። በሰፊው የታወቀው ግን ጆን አፖልድ በ1851 በለንደን ኤግዚቢሽን ባቀረበው ፓምፕ ነው። በዚያ በተደረገው ፈተና የአፖልድ ጎባጣ ክንፎች ከተሰጣቸው ኃይል 68 በመቶውን ሥራ ላይ ሲያውሉ፣ ቀጥ ያሉ ክንፎች ግን 24 በመቶ ብቻ አዋሉ።

ይህ ፓምፕም ክፍተት አለው። የመጀመሪያው በሚዞረው መዘውርና በቤቱ መካከል ነው፤ የተገፋው ውሃ የተወሰነው በዚያ ዞሮ ተመልሶ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ የመብራት ሒሳብ ብቻ ይጨምራል። ሁለተኛው ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ ወደ ፓምፑ በሚገባበት ቦታ ነው። የቆየው ዓይነት በዘንጉ ዙሪያ ቅባት በጠጣ ገመድ ይታሸጋል፤ ይህም የአል-ጀዘሪ ቃጫ ዘመድ ነው። የሚገርመው ይህ ማሸጊያ ጥቂት ማንጠባጠብ አለበት። ጠብታዋ ዘንጉን ታቀዘቅዛለች፣ ታለሰልሳለችም። ጠብታ አይቶ የተናደደ ሰው ብሎኑን አጥብቆ ቢዘጋው ማሸጊያው ይቃጠላል፣ ዘንጉም ይበላል። አዲሱ ዓይነት ግን በጣም የለሰለሱ ሁለት ፊቶች ተገጣጥመው የሚዞሩበት ማሸጊያ ነው፤ እርሱ ጠብታ ሊታይበት አይገባም። ስለዚህ ባለሙያ ፓምፑን ሳያውቅ «ይህ ጠብታ ጥሩ ነው» ወይም «መጥፎ ነው» አይልም።

በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተጠላለፉ ጥርሳም መዘውሮች ናቸው። ዘይቱ በጥርሶቹ መካከል ተይዞ ይሄዳል። ዘይት ወፍራም ስለሆነ በጠባብ ክፍተት ቶሎ አይሾልክም። ዘይቱ ሲቀጥን ወይም ጥርሶቹ ሲበሉ ግን ግፊቱ ይወርዳል። ያው ክፍተት፣ ያው ችግር ነው።

የገጠሩ ፓምፕና የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ አገራችን ገጠር እንግባ። በብዙ ቀበሌዎች የተተከለው የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ዓላማውም የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በጥቂት መሣሪያ እንዲጠግኑት ነበር። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራል። አየር ከ10 ሜትር በላይ ካልገፋ ይህ እንዴት ሆነ? ሲሊንደሩ ከላይ ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከውሃው በታች ነው ያለው። ረጅም ዘንግ ወርዶ ፒስተኑን እዚያው ያነሳዋል። ፒስተኑ ውሃውን አይስብም፤ ተሸክሞ ያወጣል።

በፒስተኑ ላይ የጎማ ማሸጊያ አለ። በፒስተኑና በሲሊንደሩ እግር ላይም ቫልቮች አሉ። ቀድመው የሚያልቁት እነዚህ የጎማ ክፍሎች ናቸው። ምልክቱም ይታወቃል። እጀታው ሲነሳና ሲወርድ የሚወጣው ውሃ እያነሰ ከመጣ የፒስተኑን ጎማ ጠርጥሩ። ማታ ደህና ሲሠራ የነበረው ጠዋት ውሃ እስኪያመጣ ብዙ ጊዜ መምታት ከጠየቀ ደግሞ የእግሩ ቫልቭ ወይም የቧንቧው መጋጠሚያ ሌሊቱን ውሃውን ወደ ታች እየለቀቀው ነው።

በአንዳንድ መንደሮች የሚታየው የገመድ ፓምፕ ከዚህ ይለያል። በገመድ ላይ የተሰኩ ትናንሽ ክብ ጎማዎች በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ እየተከታተሉ ውሃውን ይዘው ይወጣሉ። ጎማዎቹ ቧንቧውን አጥብቀው አይነኩም፤ በዳራቸው ውሃ ይመለሳል። ግን በፍጥነት ሲዞር ከሚመለሰው የሚወጣው ይበልጣል። ክፍተቱን ከመዝጋት ይልቅ ክፍተቱን ቻል አድርጎ መቅደም ማለት ነው። ለዚህም ነው ማንም ሰው በገመድና በጎማ ቁራጭ ሊጠግነው የሚችለው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ንግግራችን የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ወገኖቻችን በአገር ውስጥም ሆነ በዐረብ አገራት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆነው ለጉድጓድ ማስቆፈሪያ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። ይህን ሰደቀቱን ጃሪያ እንለዋለን። «ጃሪያ» የሚለው ቃል ግን የሚፈስ፣ የማያቋርጥ ማለት ነው። ፓምፑ በአንዲት ጎማ ምክንያት ከቆመ፣ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ይዘው እንደገና ወደ ሩቁ ወንዝ ከሄዱ፣ ከጃሪያነቱ ምን ተረፈ? ለቁፋሮው መቶ ሰው ይሰለፋል። ለጎማው ግን ማን ያዋጣል?

ቀደምት ፉቀሃዎች ይህን አስበውበታል። በሐነፊ መዝሀብ ከወቅፍ ገቢ አስቀድሞ የሚወጣው ለጥገናው ነው፤ ወቅፍ አድራጊው ባይጠቅሰውም እንኳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልተጠገነ ንብረት ለተመደበለት ሰው ጥቅም መስጠቱን ያቆማል። የአል-ጀዘሪ ቃጫና የፉቀሃዎቹ ድንጋጌ አንድ ነገር ይናገራሉ። የሚያልቀውን ነገር አስቀድመህ እወቅ፤ የሚለውጠውንም ሰው አስቀድመህ መድብ።

ስለዚህ ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ሁሉ ከቁፋሮው ጋር ሦስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ የመለዋወጫ ጎማና ቫልቭ፣ ሁለተኛ ሁለት የሠለጠኑ የመንደሩ ሰዎች፣ ሦስተኛ ለጥገና የሚሆን በየወሩ የሚጠራቀም ትንሽ ገንዘብ። ከሠለጠኑት ሁለት ሰዎች ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ ፓምፑ መላላቱን ቀድማ የምታውቀው በየቀኑ የምትቀዳው ናትና።

በየመስጊዶቻችን የውዱእ ቦታ ያሉትን ቧንቧዎችም እንይ። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይለቃል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብንል በቀን ከ4 ሊትር በላይ ይፈሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ከአንድ ሊትር ያነሰ፣ ሁለት እጅ የሚሞላ መጠን ነው። ያ አንድ ቧንቧ በየቀኑ ስድስት ሙድ ያህል ያፈሳል ማለት ነው፤ የሚያድነውም አንዲት ትንሽ ጎማ ናት። ከዛሬው ሶላት በኋላ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይህችን ጎማ ገዝቶ ቢለውጥ ይህ ንግግር በከንቱ አልተነገረም።

አላህ (ሱ.ወ) ከሚጠቅም ዕውቀትና ዕውቀቱን በሥራ ከሚያውሉት ያድርገን። እስከ ሚቀጥለው ዝግጅታችን ደህና ቆዩ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።